ኮንትሮል ኤፍ ያጣው ስም

እሳቸው፦ ሾርትከት ስትይ እኔ የማውቀው ፍላሽ የሚያበላሸውን ነው። የልጄን የመመረቂያ ጽሑፍ ላሳትም ይዤ ብመጣ፣ ፎልደሩ ሁሉ ጥጉ ላይ ቀስት ተለጥፎበት ቁጭ ብሏል። «ሾርትከት ገብቶበታል» አሉኝ፣ ልክ ምች መታው እንደሚባለው። አንቺ ደግሞ ዛሬ «የምወደው ሾርትከት» ትያለሽ።

እሷ፦ እሱ ቫይረስ ነው ጋሼ። ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ደግሞ ፎልደሩን አላጠፋውም፤ ደብቆት በቦታው የራሱን ማሳሳቻ ነው ያስቀመጠው። እኔ የምልዎት እጄን ከኪቦርድ ሳላነሳ፣ ማውስ ፍለጋ ሳልሄድ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኜ የማዝዘውን ነው።

እሳቸው፦ አቋራጭ በዪዋ ታዲያ።

እሷ፦ አቋራጭ ልበል። ከዚህ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ በመኪናው መንገድ ነበር የሚሄዱት?

እሳቸው፦ ጉልበቴ እሺ በሚለኝ ዘመን? በእግር መንገዱ ነዋ! መኪናው ሲጠማዘዝ እኛ ቁልቁል ነበርን። ግን አቋራጭ የሚሄድበት ያገሬው ሰው ነው። ባዳ የሄደበት እንደሆነ ወይ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል ወይ የሰው አዝመራ ይረግጣል።

እሷ፦ እኔም ያገሬው ሰው ነኝ፤ አገሬ ይህ ኪቦርድ ነው። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት እዚሁ ነኝ። ሰው ከቆላ በሌሊት ተነሥቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል። ቢሮው ለምሳ ሳይዘጋ መድረስ አለበት። ማውስ እየጎተትኩ «ፋይል» ውስጥ ገብቼ «ፕሪንት»ን እስካገኝ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ፀሐይዋን ነው የሚያየው። ኮንትሮልና ፒ ካልኩ ግን አለቀ።

እሳቸው፦ ስንት ሰከንድ አተረፍሽለት?

እሷ፦ ሦስት። ቢበዛ አራት።

እሳቸው፦ ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ለወጣ ሰው አራት ሰከንድ! ቢሮ ደርሶ «ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል» ሲባል አራቱን ሰከንድ ምን ያደርግበታል?

እሷ፦ ይሁን፣ ሰከንዱን ተዉት። ከሁሉ የምወደው ራሱ ጊዜ የሚቆጥብ አይደለም፤ ኮንትሮል ኤስ ነው። መብራት ደውሎ አይሄድም። ወርድ በራሱም ያስቀምጣል፤ ካልነካኩት በየ10 ደቂቃው ነው። እኔ በ10 ደቂቃ አንድ ገጽ እጨርሳለሁ። ያ ገጽ የአንድ ሰው የድንበር ክርክር ነው። «ጠፍቶብኛል፣ እንደገና ይንገሩኝ» ስላቸው ደግሞ ነገሩ መልኩን ይቀይራል፤ ቅድም በቀኝ የነበረው ዛፍ በግራ ይሆናል። ስለዚህ አራት ነጥብ ባስቀመጥኩ ቁጥር ኮንትሮል ኤስ። አሁንማ ጣቴ ሳላዘው ይሄዳል። አንድ ቀን ደብተር ላይ በእስክርቢቶ ስጽፍ፣ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጠረጴዛው ላይ ኮንትሮልን ስትፈልግ ያዝኳት።

እሳቸው፦ እኔ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ላይ ነው ያረጀሁት። የመታሁት ፊደል መብራት ሄደ መጣ አይልም፤ እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው። ሴቭ ያስፈለጋችሁ እኮ ጽሑፉን መጀመሪያ አየር ላይ ስለሰቀላችሁት ነው። በሽታውን ራሳችሁ አምጥታችሁ መድኃኒቱን ታመሰግናላችሁ።

እሷ፦ ሲሳሳቱስ ምን ያደርጉ ነበር?

እሳቸው፦ ፍሉድ ነበረ። ፍሉድ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በላጲስ ፈግፍጎ ማጥፋት፣ ግልባጮቹንም አንድ በአንድ። ካርቦኑ ሦስት ከሆነ ሦስቴ። ስቴንስል ላይማ... ስለ ስቴንስል አታንሺብኝ።

እሷ፦ ያንን ሁሉ ነው የተሳሳትነውን የሚመልሰው ኮንትሮል ዜድ ያስቀረው።

እሳቸው፦ ያ ሁሉ ስለነበረ ነው ስንጠነቀቅ የኖርነው! ዓረፍተ ነገሩን ጭንቅላቴ ውስጥ ጨርሼ ነበር የምመታው። አንቺ እየመታሽ ነው የምታስቢው።

እሷ፦ የብራና ጸሐፊስ? ቢላው አጠገቡ አይደል የሚቀመጠው? የሳተውን ፍቆ በላዩ ይጽፋል። መመለስ በኔ አልተጀመረም።

እሳቸው፦ ብራናው የተፋቀበትን ያሳያል። ወደ ብርሃን ብትይዢው ጠባሳው እዚያው አለ። ያንቺ ዜድ ጠባሳ አይተውም። ውል ላይ አንድ ቁጥር ተቀይሮ ቢመጣ በምኔ አውቃለሁ?

እሷ፦ ለዚያ መልስ የለኝም። ፊርማና ማኅተም ዛሬም ወረቀት ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው መሰለኝ።

እሳቸው፦ እሺ፣ ወደሚያንገበግበኝ እንምጣ፤ ወደ ኮፒውና ፔስቱ።

እሷ፦ መቼ እንደተሠራ ያውቃሉ? እዚህ አብዮቱ ሲፈነዳ ነው። ላሪ ቴስለር የሚባል አሜሪካዊ፣ ካሊፎርኒያ ባለው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። በ1966 እና 67 ዓ.ም. ግድም፣ እሱና ቲም ሞት የሚባል ባልደረባው ጂፕሲ ባሉት የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ መቁረጥን፣ መገልበጥንና መለጠፍን ዛሬ በምናውቀው መልክ አበጁት። ቴስለር ኋላ አፕል ገባ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣችው ሊዛ በተባለች ኮምፒውተር ላይ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ ተደርድረው መጡ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ነው ያረፈው። የማያውቀው አገር ሰው ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ የሱን ቁልፍ ይነካል።

እሳቸው፦ ነፍሱን ይማር። ግን ለራሱ ሰው ነው የሠራው። ኤስ «ሴቭ»፣ ፒ «ፕሪንት»፤ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ቀላል ነው። የኛ ልጅ ጣቱን በባዕድ ቋንቋ እንዲያዝ ተፈረደበት።

እሷ፦ ቪስ የምን ቃል መጀመሪያ ናት? እነሱ «ፔስት» ነው የሚሉት፤ በፒ ነው የሚጻፈው። ኤክስ የተመረጠችው ስትሰርዙ የምታደርጉትን መስቀል ስለምትመስል ነው። ቪ ደግሞ በእርማት ጊዜ «እዚህ አስገባ» የምንልባትን ምልክት ገልብጠው ሲያዩዋት ናት። ዜድን ያስመረጣት ጉርብትናዋ ነው፤ አራቱም ታችኛው ረድፍ ላይ በግራ በኩል ጎን ለጎን ናቸው። እኔ ስማር የያዝኩት ቦታውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ያስተማረኝም የለም፤ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ስማር አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እጇን እያየሁ ነው።

እሳቸው፦ ይሁንልሽ። አሁን የኔን ስሚ። አንድ ቦታ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ስሜ ልክ፣ ቀኑ ልክ፣ ማኅተሙ ደምቋል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ «ባለቤታቸው በሞት ስለተለዩዋቸው» ይላል። ሚስቴ እቤት ሽሮ እያማሰለች!

እሷ፦ የሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ስምዎን ቀይረው ነዋ።

እሳቸው፦ ኦሊቬቲ ላይ ይህ አይሆንም ነበር። ሚስቴን ለመግደል ፊደል በፊደል መምታት ነበረብኝ።

እሷ፦ ሳቄን ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ግን አንድ ደብዳቤ ደጋግሞ ለብዙ ሰው መጻፍ የቪ ፈጠራ አይደለም። እዚሁ አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን የገዙት የዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች በምን ይጀምራሉ? «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ «ሥዩመ እግዚአብሔር»። ለማንም ይጻፍ፣ መክፈቻው ያው ነው። የጸሎት መጻሕፍቱንስ አላዩም? የባለቤቱ ስም የነበረበት ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ይገባበታል። ፈልጎ መተካት ማለት ሌላ ምንድን ነው?

እሳቸው፦ ልዩነቱን ልንገርሽ። ያ ጸሐፊ መክፈቻውን መቶ ጊዜ ሲጽፍ መቶ ጊዜ ከዓይኑ ሥር አልፏል። እጅ ሲጽፍ ዓይን ሳይፈልግም ያነባል። አንቺ ስትለጥፊ ገጹ ሳይነበብ ያልፋል። የኔን ሚስት የገደላት ሰውዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሦስተኛውን አንቀጽ እንዲያነብ ያስገደደው ነገር አልነበረም።

እሷ፦ ይህችን እቀበላለሁ። እኔ ለዚህ ብዬ የለጠፍኩትን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባለጉዳዩ ሳላነብ አላትምም። ጊዜ ይወስዳል።

እሳቸው፦ አራት ሰከንዱን መለስሽው ማለት ነው።

እሷ፦ ከነወለዱ! ደግሞ አቋራጭ ሁሉ ለመፍጠን አልተሠራም። ኮንትሮል፣ አልት፣ ዲሊት የሚሉትን ያውቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲደርቅብን የምንጫነውን። የአይቢኤም መሐንዲስ ዴቪድ ብራድሌይ ነው ያበጀው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፒሲያቸው። መጀመሪያ ሦስተኛው ቁልፍ ኤስኬፕ ነበር፤ በአንድ እጅ በስሕተት ሊነካ እንደሚችል ሲታይ ወደ ዲሊት ተዛወረ፣ ሁለት እጅ እንዲጠይቅ። ማሽኑን እንደገና የሚያስነሳ ትእዛዝ ስለነበረ ሆን ብለው አስቸጋሪ አደረጉት።

እሳቸው፦ ያ ሰውዬ ገብቶታል። መለጠፉንም ሁለት እጅ ቢያደርጉት ሚስቴ ትድን ነበር።

እሷ፦ ሌላም የምወደው አለ፤ ዊንዶውስና ኤል። ሻይ ልጠጣ ስነሳ ስክሪኑን ይቆልፈዋል። እዚህ ላይ የሰው ፍቺ አለ፣ የሰው ዕዳ አለ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ከጎረቤላ የሚደበቅ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

እሳቸው፦ እሱን ወደድኩት። እኛ ወረቀቱን ገልብጠን ነበር የምንነሳው። አልትና ታብ የሚሉት ግን አለቃ ሲገባ ካርታ መደበቂያ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። እስካሁን ሳዋራሽ የቆየሁት ተራዬ እስኪደርስ ነው።

እሷ፦ ይንገሩኝ።

እሳቸው፦ አንድ ቢሮ ሄጄ ዝርዝር ውስጥ መኖሬን እንዲያዩልኝ ጠየቅሁ። ልጁ ትሑት ነው፣ «አረፍ ይበሉ አባቴ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ስሜን ከነአባቴ ጠየቀ፣ ሁለት ቁልፍ ተጫነ፣ ጻፈ፣ ስክሪኑን አየና «የሉም» አለኝ። ሁለት ቃል ናት፣ ተጫነ፣ የሉም። ዞር ብዬ ስወጣ ያገሬ ልጅ ከውጭ አግኝቶኝ፣ «ያንተን ስም እኮ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አይቼዋለሁ» አለኝ። ሄጄ አየሁት። አለሁ።

እሷ፦ ኮንትሮል ኤፍ ነው የተጫነው፤ መፈለጊያውን። የአባትዎ ስም ማን ነበር?

እሳቸው፦ ኃይለሥላሴ። በብዙኃኑ ኃ፣ በንጉሡ ሥ።

እሷ፦ በቃ፣ ተያዘ! ዝርዝሩ ላይ በምን ተጽፏል?

እሳቸው፦ በሃሌታው ሃ፣ በእሳቱ ስ፤ ያውም «ሃይለ» ለብቻ፣ «ስላሴ» ለብቻ።

እሷ፦ ይቁጠሩልኝ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። ሥ ወይም ስ፤ ሁለት። መጨረሻው ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። ስድስት በሁለት በሁለት 24 ይሆናል። ተያይዞ ወይም ተነጥሎ ሲጻፍ 48። ልጁ ከ48ቱ አንዱን ብቻ ነው የጠየቀው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ለሱ ሃ እና ኃ እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው።

እሳቸው፦ እኔ በወረቀት ዘመን ዝርዝር ስፈልግ ጣቴን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ ነበር። ዓይኔ ሃይለንም ኃይለንም ሲያይ ያው ሰው መሆኑን ያውቃል። ዓይን አማርኛ ያውቃል። ያንቺ ኤፍ አያውቅም።

እሷ፦ ዓይን ይደክማል ጋሼ። ዘጠኝ መቶ ስም ያለበትን ዝርዝር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በጣት ሲወርዱ አንድ መስመር አይዘሉም? ኤፍ አይደክምም፣ አይዘልም፣ ዘመድ አይለይም።

እሳቸው፦ እዘላለሁ። ግን ስዘል «የለም» ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ «ቆይ እንደገና ልይ» እላለሁ። ድካሜን አውቀዋለሁና። ልጁ ግን ሁለት ቁልፍ ተጭኖ የጠፋን ስም እንደገና ሊፈልግ ምን አስገድዶት? «ማሽኑ አየው» ብሏላ።

እሷ፦ መፍትሔ አለው እኮ። ኤክሴል ላይ ከሆነ፣ ሊለያይ በሚችለው ፊደል ቦታ ጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ፤ የላቲኑን ጥያቄ ምልክት። ከዚያ በዚያ ቦታ የትኛውም ፊደል ቢሆን ያመጣዋል። እኔ ደግሞ ከዚህም የቀለለ አለኝ፤ የማያጠራጥረውን ቁራጭ ብቻ ነው የምፈልገው። «ይለ» ብል ኃይለሥላሴም፣ ሃይለ ማርያምም ይመጣሉ፤ ከዚያ በዓይኔ እለያለሁ። ፀሐይ የሚለውን ስም ሙሉውን ጽፌ አልፈልግም፤ እሱ ብቻውን 12 ዓይነት ይጻፋል።

እሳቸው፦ ይህንን ስንት ሰው ያውቃል? ልጁ ኮንትሮልና ኤፍን ያውቃል፤ ጥያቄ ምልክቷን አያውቅም። ግማሽ አቋራጭ ነው የተማረው። ቅድም ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ባዳ ያልኩሽ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ቆሞ ሌላውን ነው ገደል የሚጥለው።

እሷ፦ ወይም ደግሞ አንድ ዓይነት ፊደል እንጻፍ። ስድስቱን ሀ ወደ አንድ ብናመጣው ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃል።

እሳቸው፦ ሠዓሊው በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዓ ነው፤ ሥዕል ይሥላል። በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ስትጽፊው በግዕዝ ለማኝ ታደርጊዋለሽ፤ ሰአለ ማለት ለመነ ነው። ለማሽን እንዲመች ብዬ ሠዓሊን ለማኝ አላደርግም። ማሽኑ ይማር።

እሷ፦ አንዱ እየተመረጠ ነው እኮ፤ ማንም ሳይስማማ። በምጽፍበት ኪቦርድ ሃሌታው ሀ በኤች ትመጣለች። ሐመሩ ሐ ሺፍት ይፈልጋል። ብዙኃኑ ኀ ደግሞ ከኤች በፊት ሌላ ምልክት። በቀን ሺህ ጊዜ የሚመታ ጣት የትኛውን ይመርጣል? የአባትዎን ስም በሃሌታው የጻፈችው ልጅ ፊደል ጠፍቷት ላይሆን ይችላል። የቅርቡን ቁልፍ ነው የነካችው።

እሳቸው፦ አየሽ? ይህ ነው እኔ ስፈራው የቆየሁት፤ ግን እንዲህ አድርጌ መናገር አልቻልኩም ነበር። አቋራጭ ሲባል ሰው የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር። ለካ አባቴንም ይዞት ሄዷል።

እሷ፦ እኔን አብሮ አይክሰሱኝ። ከበፊቱ ይሻላል። የድሮዎቹን የግዕዝ ፎንቶች ያስታውሱ እንደሆነ፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይነበባል፤ ቀድተው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ኮንትሮል ኤፍማ በአማርኛ መፈለጉ ራሱ ቅዠት ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር ኒያላ የሚባለው ፎንት አብሮ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር። ከዚያ በፊት ያ ልጅ «የሉም» ለማለት እንኳ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው አልነበረውም።

እሳቸው፦ ስለዚህ ድሮ አያገኘኝም ነበር፣ አሁን ደግሞ የለህም ይለኛል። እድገት ነው።

እሷ፦ አንዱን ምረጪ ቢሉኝ፣ እኔ ፈልጎ የሚያጣውን እመርጣለሁ። እሱን ማስተማር ይቻላል።

እሳቸው፦ እኔ ደግሞ «የለም» ከማለቱ በፊት የሚያመነታውን። እሱን ማስተማር መቻሉን እንጃ። ለማንኛውም ማመልከቻውን ጻፊልኝ፣ የመጣሁት ለሱ ነው።

እሷ፦ ከፍቻለሁ። ከሌላ ሰው አልገለበጥኩም፤ ባዶ ገጽ ነው፣ ይዩት። «ጉዳዩ» ምን ልበል?

እሳቸው፦ «ስሜ በዝርዝሩ ውስጥ እያለ የለም ስለመባሌ» በዪ። የአባቴን ስም በብዙኃኑ ኃ ጻፊ፤ ሺፍትም ይሁን ሌላ ምልክት፣ ጣትሽን አትሰስቺው። ከሥሩ በቅንፍ ዝርዝሩ ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ አድርጊው፣ ልጁ እንዲያገኘው።

እሷ፦ «...ሃይለ ስላሴ ተብሎ የተመዘገበው እኔው መሆኔን...»። ኮንትሮል ኤስ። ቀጥሎስ?

እሳቸው፦ ቀጥሎ፣ «ወደፊት አንድ ሰው በዝርዝሩ ላይ የለም ከመባሉ በፊት፣ ዝርዝሩ አንድ ጊዜ በሰው ዓይን እንዲታይ በትሕትና አመለክታለሁ» በዪበት። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ከዚያ በዚያች በፒሽ ሁለት አውጪልኝ፤ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለኔ።